በርሊን፣ ቺካጎ፣ አምስተርዳም፣ ፍራንክፈርት፣ ኒው ዮርክ ወይስ ቫሌንሲያ? የመጸው ማራቶን ከመመዝገብዎ በፊት

ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ያለው ጊዜ አሥር ሳምንት ያህል ነው። የዓመቱ ፈጣንና ትልልቅ የጎዳና ሩጫዎች በዚህ መካከል ተደራርበው ይመጣሉ፤ ሁሉንም ልሩጥ የሚል እግር ደግሞ የለም። ለምዝገባ የሚከፍል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው የጎዳናውን ሜዳነትና የከተማውን ስም ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ 16 ሳምንት ቆጥሩ እንላለን። ማራቶን ሲገዛ አብረው የሚገዙት እነዚያ የልምምድ ሳምንታት ናቸው፤ ረጃጅሞቹ ሩጫዎች በየትኛው ወር እንደሚውሉ የሚወስነውም የውድድሩ ቀን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በርሊን እና ቫሌንሲያ፦ ሁለቱ ፈጣኖች

ሰዓት ለማሻሻል የሚመዘገብ ሰው በመጨረሻ የሚያማርጠው እነዚህን ሁለቱን ነው። ሁለቱም ሜዳ ናቸው፤ ሁለቱም ታሪክ አላቸው። በርሊን ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2007 2:04:26፣ በ2008 ደግሞ 2:03:59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2022 2:01:09፣ ትዕግስት አሰፋ በ2023 2:11:53 የገቡት እዚያው ነው። ቫሌንሲያም አትታማም፤ በ2022 አማኔ በሪሶ 2:14:58፣ በ2023 ሲሳይ ለማ 2:01:48 ሮጠውባታል።

ልዩነታቸው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። በርሊን በአብዛኛው የሴፕቴምበር የመጨረሻ እሑድ ላይ ይውላል፤ በ2025 ግን 21ኛው ቀን ላይ ስለነበር ቀኑን በየዓመቱ ማጣራት ግድ ነው። 16 ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ልምምዱ ጁን መጀመሪያ ላይ ይጀምራል። ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር የሚሮጥባቸው እሑዶች የሚውሉት ጁላይ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። በእነዚህ ወራት ሙቀቱ በሚበረታበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ማለት ከንጋቱ በፊት ተነስቶ መሮጥ፣ በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ዘግየት ማለት፣ ውኃ ተሸክሞ መውጣት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ በሙቀት ውስጥ የውድድሩን ፍጥነት ካልያዝኩ ብለው ይታገሉና ኦገስት መጨረሻ ላይ ደክመው ያርፋሉ። የውድድሩ ቀን ራሱም ዋስትና የለውም። በርሊን ጠዋት ቀዝቀዝ ብሎ ጀምሮ ከረፋዱ በኋላ ሊሞቅ ይችላል፤ ከአራት ሰዓት በላይ የሚሮጥ ሰው የመጨረሻዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች የሚሮጠው በዚያ ሰዓት ነው።

ቫሌንሲያ የዲሴምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። ልምምዱ የሚጀምረው ኦገስት አጋማሽ ላይ ስለሆነ ሙቀቱ የሚያገኘው ቀለል ያሉትን የመነሻ ሳምንታት ብቻ ነው። ከባዶቹ ረጃጅም ሩጫዎች ኦክቶበር መጨረሻና ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ በቀዝቃዛ አየር ይውላሉ። ሌላም ጥቅም አለ፤ በዚያው ከተማ ኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ፈጣን ግማሽ ማራቶን ይካሄዳል። ለተሰንበት ግደይ በ2021 1:02:52፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ በ2024 57:30 የሮጡት በዚህ ውድድር ላይ ነው። ከማራቶኑ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ስለሚቀድም ለመፈተሻ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

የቫሌንሲያ ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሩጫውን ለመጨረስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ ጠበብ ይላል፤ 5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። የበርሊኑ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ የቺካጎው 6 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ስለሆነ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቫሌንሲያን ባይደፍር ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ከውድድሩ በጣም ቀድሞ ስለሚሞላ እስከ ጁላይና ኦገስት ድረስ ላስብበት ለሚል ሰው አይሆንም። በርሊን ደግሞ በዕጣ ነው። ማመልከቻው የሚከፈተው የዘንድሮው ውድድር እንዳለቀ፣ ለቀጣዩ ዓመት ነው።

እኛን የሚጠይቅ ካለ፣ ሁለቱም እጁ ላይ ላሉት ሰዓት ፈላጊ ቫሌንሲያን እናስቀድማለን። ጁላይና ኦገስት ላይ ለዘብ ያለ አየር ወይም ከፍታ ያለው ስፍራ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ክርክሩ ይቀየራል፤ ለእሱ በርሊን ምንም አይጎድለውም። በርሊን ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ውኃ የሚታደለው በፕላስቲክ ኩባያ ነው። ጠረጴዛዎቹ አካባቢ የተጣሉት ኩባያዎች እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታሉ። መጀመሪያ ያለው ጠረጴዛ ላይ ከመጋፋት ወደ መጨረሻዎቹ ማለፍ ይሻላል።

ቺካጎ

የኦክቶበር ሁለተኛ እሑድ። ኬልቪን ኪፕተም በ2023 2:00:35 የገባበት ጎዳና ነው፤ ስለ ሜዳነቱ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ቺካጎን የሚያስፈራው አየሩ ነው። አንድ ዓመት በረዶ ቀረሽ ብርድ፣ ሌላ ዓመት ሙቀት ይሆናል፤ በ2007 ከሙቀቱ የተነሳ ውድድሩ መሐል ላይ እንዲቋረጥ ተደርጓል። የሰዓት ዕቅድ ሁለት ይያዙ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለሞቃት ቀን።

ሌላው ችግር የእጅ ሰዓቱ ነው። መነሻው መሐል ከተማ ስለሆነ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎችና ከድልድይ ሥር የሳተላይት ምልክቱ ይዘባረቃል። ሰዓቱ ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ሮጠሃል ሲል ሯጩ ያምነውና ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወይም በተቃራኒው ይሆናል። መፍትሔው ሰዓቱ በራሱ ዙር መቁጠሩን አጥፍቶ በየርቀት ምልክቱ ላይ ቁልፉን በእጅ መጫን ነው። የአሜሪካ ምልክቶች በማይል ናቸው፤ በኪሎ ሜትር 5:00 ለሚሮጥ ሰው ማይሉ 8:03 ገደማ ነው። ቁጥሩን ክንድ ላይ ጽፎ መውጣት አያሳፍርም። መጨረሻ ላይ፣ ከሚሺጋን ጎዳና ወደ ሩዝቬልት መንገድ ሲታጠፍ አጭር የድልድይ ዳገት አለች። በሌላ ቀን ዳገት አትባልም፤ ከ41 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ትታወቃለች። ጉልበት የሚቆጥብ ሰው ለእሷም ትንሽ ያስቀር።

ስለ ሰዓት ከተነሳ፣ ይህ በሁሉም ውድድር ላይ ይሠራል፦ 3:30 ለመግባት ወረቀት ላይ የሚያስፈልገው በኪሎ ሜትር 4:58 ነው። ነገር ግን ማዕዘኖቹን አጭር ቆርጦ የሚሮጥ ሰው ስለሌለ ብዙዎች ሲጨርሱ ሰዓታቸው 42.5 ወይም 42.6 ያሳያል። ስለዚህ በሰዓቱ ላይ የሚያዘው ፍጥነት 4:55 መሆን አለበት። በሁለትና በሦስት ደቂቃ ግባቸውን የሚስቱ ብዙዎቹ በዚህ ስሌት የተሳሳቱ ናቸው።

አምስተርዳም እና ፍራንክፈርት

ከታላላቆቹ ዕጣ ላልወጣለት ሰው መጠጊያ ናቸው፤ ይሁንና ከእነሱ አያንሱም። አምስተርዳም የኦክቶበር ሦስተኛ እሑድ ነው፤ መነሻውም መድረሻውም የ1928ቱ ኦሎምፒክ ስታዲየም ውስጥ ነው። አልማዝ አያና በ2022 የመጀመሪያ ማራቶኗን እዚህ ሮጣ 2:17:20 ገብታለች። ፈተናው በአምስቴል ወንዝ ዳር የሚሄደውና የሚመለሰው ገላጣ ክፍል ነው፤ ንፋስ ካለ አንዱ አቅጣጫ ላይ ፊት ለፊት ይመታል። ወንዙ ከመድረሱ በፊት ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ቡድን ፈልጎ መጠጋት፣ ብቻ መቅረትን እንደምንም ማስቀረት ነው። ፍራንክፈርት የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሲሆን በአብዛኛው የአውሮፓ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት ሌሊት ማግስት ይውላል። አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ይገኛል፣ የማንቂያ ደወሉ ግን በራሱ መስተካከሉን ያረጋግጡ። መድረሻው ፌስትሐለ አዳራሽ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር መሆኑ በቀዝቃዛ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ከስድስቱ ውስጥ የመሮጫ ቁጥር ለማግኘት የሚቀለውም እሱ ነው።

ኒው ዮርክ

ለሰዓት ከሆነ አይመዝገቡ። የኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ የሚካሄደው ይህ ውድድር ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይሮጥበታል፤ አምስቱን የከተማዋን ክፍሎች በአምስት ድልድይ ያቋርጣል፤ ሜዳ አይደለም። ታምራት ቶላ በ2023 የጎዳናውን ክብረ ወሰን 2:04:58 ሲያደርገው ሁሉም ሰው የተገረመው ለዚህ ነው። አማተር ሯጭ ሜዳ ላይ ከሚገባው ሰዓት ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ጨምሮ ያቅድ።

የመጀመሪያው ማይል የቬራዛኖ ድልድይ ዳገት፣ ሁለተኛው ቁልቁለት ነው። ስህተቱ የሚሠራው ቁልቁለቱ ላይ ነው፦ እግር ትኩስ ነው፣ ሰው ይጮኻል፣ ማይሉ ከታቀደው 30 ሰከንድ ፈጥኖ ያልቃል። ዕዳው የሚከፈለው ከ25ኛው ኪሎ ሜትር አቅራቢያ የኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይና ከዚያም በፊፍዝ ጎዳና ረጅም ዳገት ላይ ነው። ልምምዱ ውስጥ በሳምንት አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ዳገትና ቁልቁለት ካልገባ ጭኑ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይያዛል፤ ሜዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ እግር ቁልቁለቱን አይችለውም።

መነሻው ስታተን ደሴት ስለሆነ በጀልባ ወይም በአውቶቡስ ቀድሞ መሄድ፣ ደርሶም ውጪ ብርድ ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ የግድ ነው። በኋላ የሚጣል ሹራብና ሱሪ፣ የሚቀመጡበት ፕላስቲክ፣ ከሆቴሉ ቁርስ ሌላ ሁለተኛ ምግብ ይያዙ፤ ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት በቂ ነው። ሌሊቱን የአሜሪካም ሰዓት ስለሚመለስ እንቅልፉ ላይ ማትረፍ ይቻላል።

ሁለት ማራቶን መግዛት ለሚያምረው

ቅናሽ ወይም ዕድለኛ ዕጣ ሲመጣ ሰው ሁለቱንም ይከፍላል። ክፍተቱን ይቁጠሩ። ከበርሊን እስከ ቺካጎ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ነው፤ ከቺካጎ እስከ ኒው ዮርክ ሦስት ወይም አራት። ሁለቱንም ቢሆን ሁለተኛውን ለጉዞና ለደስታ በቀስታ ካልሮጡት በቀር አንመክርም። ማራቶን የጡንቻ ክሮችን ይጎዳል፤ ሕመሙ በሳምንት ቢጠፋም ጉዳቱ ገና አልሻረም፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እርምጃና ዕረፍት፣ ሁለተኛው ቀላል ሩጫ፣ ፍጥነት ያለው ልምምድ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ብቻ። ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ ሁለት ሳምንት ልምምድ ይቀነሳል። መሐል ላይ ለእውነተኛ ሥራ ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንዲተርፍ ከተፈለገ ክፍተቱ ስምንት ሳምንት መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን ከበርሊን እስከ ቫሌንሲያ ያለው አሥር ሳምንት ገደማ ይበቃል፤ ከቺካጎ እስከ ቫሌንሲያ ያለው ሰባት ወይም ስምንት ጠርዝ ላይ ነው፤ ከአምስተርዳም ያለው ስድስት ወይም ሰባት ያጥራል።

አንድ ማራቶንና ሁለት አጫጭር ውድድሮች ለብዙው ሰው የተሻለ ግዢ ናቸው። ግማሽ ማራቶኑ ከዋናው ውድድር ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድሞ፣ 10 ኪሎ ሜትሩ ከሁለት ሳምንት ባላነሰ ጊዜ ቀድሞ ይውላል። ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለው ፈጣኑ የኮፐንሃገን ግማሽ ማራቶን ለቺካጎና ለአምስተርዳም ሯጮች ልክ ነው፤ ለበርሊን ግን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሚቀረው አይሆንም። እንግሊዝ ውስጥ ከኒውካስል እስከ ሳውዝ ሺልድስ የሚሮጠው ታላቁ የሰሜን ሩጫ ደስ ይላል፤ ነገር ግን መነሻው ከመድረሻው ከፍ ያለና መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ስለሆነ እዚያ የተገኘውን ሰዓት የማራቶን ፍጥነት ለማስላት አይጠቀሙበት።

ከመክፈል በፊት የሚነበቡ አንቀጾች

ቁጥሩን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ በአብዛኞቹ ትልልቅ ውድድሮች ክልክል ነው፤ በሌላ ሰው ስም የሮጠ ከውጤት ይሰረዛል። ጉዳት ቢደርስ ተሳትፎው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል ወይስ ገንዘቡ ይቀራል? ከተላለፈስ ክፍያው ድጋሚ ይጠየቃል? ቺካጎና ኒው ዮርክ ከውጪ ለሚመጣ ሯጭ ከነዋሪው የበለጠ ያስከፍላሉ። ቁጥር በአብዛኞቹ የሚወሰደው በመታወቂያ፣ በአካል ቀርቦ፣ እስከ ውድድሩ ዋዜማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ የሚያርፍ የበረራ ቲኬት ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው የምዝገባ ማረጋገጫ ቪዛ እንደማያስገኝ ይወቅ። የሼንገን (የአብዛኛው አውሮፓ የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ የቀጠሮ ወረፋው ግን ከዚያ ሊረዝም ስለሚችል ተመላሽ የሚሆን የሆቴል ቦታ ይያዙ፣ የማይመለሰውን በረራ ቪዛው እስኪመታ ያቆዩት።