ዶንግል፣ ፖኬት ዋይፋይ ወይስ የስልክ ሆትስፖት?

ሞደም ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ነው። ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ይዞ ለሚዞር ሰው ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይሄ ሞደም የሚሠራው በማን ባትሪ ነው?

ዶንግል፣ ማለትም ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሽ ሞደም፣ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ከተሰካበት ዕቃ ነው የሚወስደው። ዩኤስቢ 2.0 ቢበዛ 2.5 ዋት ይሰጣል። ያን ሁሉ ቢወስድ እንኳ፣ ባትሪው 40 ዋት-ሰዓት በሆነ ላፕቶፕ ላይ የሚያልቀው በሰዓት 6 በመቶ ገደማ ነው፤ አይከብድም። ታብሌት ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። ባትሪው ትንሽ ነው፣ ኦቲጂ ገመድ (የዩኤስቢ ዕቃ ታብሌት ላይ የሚያሰካ ገመድ) ይፈልጋል፣ ዶንግል ጨርሶ የማያነብ ታብሌትም ሞልቷል። ታክሲ ውስጥ ትንሽ ከተገፋ ደግሞ መሰኪያው ይላላል። ለታብሌት ብላችሁ ዶንግል ባትገዙ ይሻላል።

ፖኬት ዋይፋይ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በዋይፋይ የሚያሰራጨው የኪስ ሞደም፣ የራሱን ባትሪ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁዋዌ ኢ5573ን እንይ። ባትሪው 1500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፣ ፋብሪካው ቢበዛ 6 ሰዓት ይሠራል ይላል። ሲሰላ የሚወስደው በአማካይ 1 ዋት እንኳ አይሞላም። ባትሪው ስለሚወጣ መለዋወጫ መያዝ ይቻላል። መብራት ሲጠፋም ከፓወር ባንክ ጋር ማገናኘት ነው።

ስለ ኔትወርክ ግን ብዙ ሻጮች አይነግሯችሁም። ሞደም ኔትወርክ ሲደክምበት የሚያስተላልፍበትን ጉልበት ይጨምራል፤ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። እነዚያ 6 ሰዓቶች የሚገኙት ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆን ነው። ፖኬት ዋይፋይ እዚህ ላይ ይበልጣል፦ እሱን መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ እናንተ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ዶንግል ግን ማራዘሚያ ገመድ ከሌለው ከላፕቶፑ አይርቅም።

ሆትስፖት፣ ማለትም የስልክን ኢንተርኔት ለሌላ ዕቃ ማጋራት፣ ምንም አያስገዛም። አልፎ አልፎ ኢሜይል ለሚያይ ሰው በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ከከፈታችሁት ግን ስልኩ ኔትወርኩንም ዋይፋዩንም አንድ ላይ ስለሚያንቀሳቅስ ይግላል፣ ማታ ለመደወል ስትፈልጉ ባትሪ የለም። ላፕቶፕ ከሆነ በገመድ አገናኙት፤ ኢንተርኔቱን እየሰጠ እሱም ቻርጅ ይደረጋል።

ታብሌት ገና ካልገዛችሁ ሲም የሚቀበለውን ምረጡ፤ ሌላ ዕቃ መሸከም ይቀራል። ገዝታችሁ ከሆነ ፖኬት ዋይፋይ፣ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ በላፕቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ዶንግል። ያገለገለ ፖኬት ዋይፋይ ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ ባትሪው አለማበጡን እዩ፤ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ መሥራቱን ሳታረጋግጡም ገንዘብ አትክፈሉ።