አራት ኪሎ ያለ የሲቪ ማዘጋጃ ቤት፦ ያልታየ ማስረጃ አይጻፍም

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ከጽሕፈትና ከፎቶ ኮፒ ሥራ ጎን ለጎን ሲቪ የሚያዘጋጁ ጠባብ ቤቶች አሉ። ይህ አስተያየት ከእነሱ አንዱን የሚመለከት ሲሆን፣ በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሲቪ» ከሚለው በስተቀር የንግድ ስም ስላልተለጠፈበት በስም ልጠራው አልቻልኩም።

በአካውንቲንግ የተመረቀው ታናሽ ወንድሜ ሲቪውን ያዘጋጀው እዚህ ነው። ጸሐፊዋ ስለ ትምህርት ደረጃው በቃል የሚነገራትን አትጽፍም፤ ቴምፖራሪውን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃውን)፣ ስቱደንት ኮፒውን (የኮርስ ውጤቶቹን ዝርዝር) እና የመውጫ ፈተና ውጤቱን ተቀብላ፣ የተመረቀበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ሳይቀር ከወረቀቱ ላይ እያየች ታሰፍራለች። ወንድሜ፣ ባንኮች በማስታወቂያቸው ላይ አማካይ ነጥብ 3.00 እና ከዚያ በላይ እያሉ ስላስቸገሩት፣ «እህቴ፣ 2.96ቱን 3.0 ብትዪው ምን አለበት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ቀና ሳትል «ወንድሜ፣ ስቱደንት ኮፒህ 2.96 ነው የሚለው፤ ከሲቪው ጋር አያይዘህ የምታስገባው እሱን አይደል?» አለችው። ነጥብን ብቻ እያዩ አመልካች መጣል ተገቢ መስሎ አይታየኝም፤ ሆኖም ያ ከቀጣሪዎች ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ እንጂ ቁጥር ለመለወጥ ምክንያት አይሆንም።

ይበልጥ ያደነቅሁት ግን ከእኛ ቀጥሎ የነበረውን ወጣት ያስተናገደችበትን መንገድ ነው። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቢጨርስም የመውጫ ፈተናውን ገና አላለፈም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዚህ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም። ሲቪው ላይ «ቢኤ ዲግሪ» ተብሎ እንዲጻፍለት ፈልጎ ነበር። ጸሐፊዋ ግን ሳታሳፍረው፣ የትምህርት ክፍሉን ኮርሶች ማጠናቀቁንና የመውጫ ፈተናውን በድጋሚ ለመውሰድ እየተጠባበቀ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር አዘጋጅታ አነበበችለት፤ ልጁም ተስማማ። እውነቱን ይዞ ሥራ ለማመልከት የሚያስችል አጻጻፍ መኖሩን የነገረው ሰው ከዚያ በፊት ያለ አይመስለኝም።

በሌላ ሰፈር የገባሁበት አንድ ቤት «ምን ብዬ ልጻፍልህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ደንበኛው የጠየቀውን ሁሉ ስለሚያገኝ ለጊዜው ደስ ብሎት ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ማመልከቻ ሲገባ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ቢሆንም፣ ቀጣሪው በኋላ ኦሪጅናሉን ይጠይቃል፣ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ደብዳቤ ጽፎ ያጣራል፣ የግል ኮሌጅ ወይም የውጭ አገር ማስረጃ ከሆነም ጉዳዩ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሊያመራ ይችላል። ይህ የማጣራት ሥራ አንዳንዴ ሰው ተቀጥሮ ዓመታት ከቆየ በኋላ ስለሚደረግ፣ ሠራተኛው ቤተሰብ መሥርቶ፣ ብድር ወስዶ ሳለ ሊደርስበት ይችላል። ሐሰተኛ ሰነድ አያይዞ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ ከሥራ በመሰናበት ላያበቃ ይችላል፤ የወንጀል ሕጉ ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀውንም የተገለገለበትንም ይቀጣል።

የአራት ኪሎው ቤት ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ስለ ጠባይና ስለ ችሎታ የሚጻፈው የእንግሊዝኛ አንቀጽ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ የወንድሜንና የዚያን ወጣት ሲቪ ጎን ለጎን ያየ የሰው ኃይል ባለሙያ ከአንድ ቤት እንደወጡ ወዲያው ያውቃል፤ በማስረጃው ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ እዚህም ቢደረግ ጥሩ ነበር። ወረፋውም ረጅም ነው፤ በተለይ የባንክ ማስታወቂያ በወጣ ማግስት መቀመጫ አይገኝም። ፍላሽ የሚሰኩበት ኮምፒውተር ለሁሉም ደንበኛ አንድ ስለሆነ፣ ፋይሉን በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ መጠየቅ ይሻላል።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ኦሪጅናላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብቻ ይዞ የመጣ አንድ ደንበኛ ወረቀቱን እንዲያመጣ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይቻለሁ።