ቪትዝ፣ ዲዛየር ወይስ ዲኤክስ? የቱን ገዝቶ ምኑን ማሠራት ይሻላል

አዲስ አበባ ውስጥ ርካሽ ያገለገለ መኪና ማግኘት ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን የምንገዛው እዚሁ ያለውን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረውን ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ቪትዝ እንኳን ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ኤሌክትሪክ መኪና አለ የሚሉኝ አሉ። አለ፤ ግን እዚህ የማወራው አቅሙ እዚያ ለማይደርስ ሰው ነው።

በዚህ ገበያ አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ነው መኪና የሚገዛው። ለዚህም ነው ነገሩ የሚቆረቁረኝ። ብዙ ገዢ ቀለሙንና ቸርኬውን አይቶ ይወስናል፤ የተረፈችውን ብርም ለማሳመሪያ ያውላታል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ስትገዙ ሻንሲውንና መሪውን እዩ። ስታሠሩ ደግሞ በመብራት፣ በጎማ፣ በፍሬንና በራዲያተር ጀምሩ።

ከደላላ አፍ የማይጠፉት ሦስት ስሞች የቶዮታው ቪትዝ፣ የሱዙኪው ዲዛየርና አሮጌው የቶዮታ ኮሮላ፣ ዲኤክስ ናቸው። ዋጋቸው በጥቅሉ ሲታይ ዲኤክስ ዝቅ ይላል፣ ቪትዝ መሃል ነው፣ ዲዛየር ከፍ ይላል።

ቪትዝ እና ያሪስ

ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጣው ለጃፓን ቪትዝ፣ ለአውሮፓ ያሪስ አለው። ያሪስ የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን ውስጥ ይሠራ ነበር።

ለገዢው ትልቁ ልዩነት መሪው ነው። ጃፓን የሚነዳው በግራ መስመር ስለሆነ የጃፓን ቪትዝ መሪ የተሠራው በቀኝ በኩል ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ ግራ ዞሯል። የፍጥነት መቁጠሪያው ዳሽቦርዱ መሃል ላይ መሆኑ ይህን ሥራ ሳያቀልላቸው አልቀረም። ሥራው ግን መሪን ብቻ ማዛወር አይደለም። ፔዳሎቹ፣ የፍሬን መርጃው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ዳሽቦርዱ ሁሉ ቦታ ይቀይራሉ። በጥንቃቄ የተሠራ ለዓመታት ያለ ችግር ይሄዳል። በጥድፊያ የተሠራው ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል።

እንዴት ይለያል? ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር አንብቡ። ኤስሲፒ10 ወይም ኤንሲፒ10 ብሎ ሰረዝ አድርጎ በአጭር ቁጥር የሚያልቅ ከሆነ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ መሪው ዞሯል ማለት ነው። የመጀመሪያው 1000 ሲሲ፣ ሁለተኛው 1300 ሲሲ ነው። ቪኤንኬ ብሎ የሚጀምርና 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ከሆነ ፈረንሳይ የተሠራ ያሪስ ነው። የእንግሊዝ ያሪስም መሪው ቀኝ ስለሆነ 17ቱ ብቻቸውን ዋስትና አይሆኑም። ስለዚህ ጎንበስ ብላችሁ ከመሪው ሥር በባትሪ እዩ። የተቆረጠ ብረት፣ የተበየደ ቦታ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ካለ የዋጋ መደራደሪያ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉት። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሩት፤ ከመሃል ተነስቶ በሁለቱም በኩል እኩል መዞር አለበት።

የሞተሩን ጉዳይ በአጭሩ ልናገር። የመጀመሪያው ትውልድ 1000 ሲሲ ባለአራት ሲሊንደር ሲሆን ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ የመጣው ሁለተኛ ትውልድ በ1000 ሲሲው ላይ ሦስት ሲሊንደር ሆነ፤ የጃፓኑ ደግሞ አብዛኛው ሲቪቲ (ማርሽ የማይቀያይር አውቶማቲክ) ካምቢዮ ነው። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው። ተራ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የጨመረበት ጋራዥ ካምቢዮውን ገድሎታል። ሻጩ የተጨመረውን ዘይት ስም መናገር ካልቻለ እኔ ብሆን ማንዋል ካምቢዮ ያለውን እፈልጋለሁ። ማንዋል ከሆነ ደግሞ ቆሞ እየሠራ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ልቀቁ። ስትለቁ የሚመጣ፣ ስትረግጡ የሚጠፋ ጩኸት ካለ የካምቢዮ ኩሽኔታ እያለቀ ነው።

ዲዛየር

ዲዛየር ሕንድ ውስጥ የሚሠራ ሱዙኪ ነው። ከቪትዝ በዕድሜ ያንሳል፤ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሦስተኛ ትውልድ ባለ1197 ሲሲ ሞተር፣ 83 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ 378 ሊትር የዕቃ መጫኛ አለው። የመጀመሪያው ቪትዝ የዕቃ ቦታ የኋላ ወንበሩ ሳይገፋ 205 ሊትር ገደማ ነው። ሕፃን ያለው ቤተሰብ፣ ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ወላጆቹ ጋ የሚሄድ ሰው ይህን ልዩነት ወዲያው ያየዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ዲዛየር የሜትር ታክሲ ሥራ ሠርቷል። በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ የሮጠ መኪና የአምስት ዓመት ዕድሜው የአምስት ዓመት አይደለም። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አትመኑ። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የሾፌር ወንበሩን ጠርዝ፣ የመሪውን ቆዳ እዩ። የኋላ በሮቹንም ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። የቤት መኪና የኋላ በር በዚያ ዕድሜ አይላላም። ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ) የነበረ መኪና ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ዘይቱን በሰዓቱ የቀየረ የታክሲ ባለቤት ቤት አስቀምጦ ከረሳው ሰው ይሻላል። ግን ዋጋው የታክሲ ዋጋ ይሁን።

ላሜራው ስስ ነው። ትንሽ ነክቶት የሄደ ባጃጅ የሚተወው ጎድጓዳ ያሳዝናል። ማግኔት ይዛችሁ ብትሄዱ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ ማግኔቱ አይዝም።

ዲኤክስ

ዲኤክስ ፍቅር ነው፤ ይህን አልክድም። ወጣቶች ዝቅ አድርገው፣ ቸርኬ ቀይረው፣ ቀለሙን አድሰው ሲያወጡት መንገድ ላይ ዞር ብሎ የማያይ የለም። ግን በዲኤክስ ስም የተለያየ ኮሮላ ይሸጣል። ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተሩ በመኪናው ቁመት ከተቀመጠ የኋላ ጎማ የሚገፋው ነው፤ በጎን ከተኛ የፊት ጎማ የሚጎትተው። የመጀመሪያውን የሚፈልጉት ለማሠራት የሚገዙ ናቸው።

የኋላ ጎማ የሚገፋው ሞተር ብዙውን ጊዜ 1300 ሲሲ ባለካርቡሬተር ነው። ማንኛውም መካኒክ ጎጃም መንገድ ላይ ቆሞ ሊጠግነው ይችላል። ኤርባግ ግን የለም። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የለም። ልጆች ጭኖ አስፋልት ላይ በ100 ለሚነዳ ሰው ዲኤክስን አልመክርም፤ በዚህ ላይ አቋሜ አይለወጥም።

ሊፋንስ? ዱከም የተገጣጠመው ሊፋን በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፊና ወጣት መኪና ይሰጣል። ቻይና ያለው እናት ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በዕዳ ምክንያት ወደ መልሶ ማዋቀር ገብቷል። የመለዋወጫ ዕቃ ምንጭ ያለው፣ የሚያውቀው መካኒክ ያለው ይግዛ። ሌላው ይለፈው።

ዳገት ላይ፣ ጋራዥ ላይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። 70 የነበረው የቪትዝ ጉልበት እዚህ 55 አካባቢ ነው። አራት ሰው ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ መሄዱ የሞተር በሽታ አይደለም። የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከሆነ 1300ውን ቪትዝ ወይም ዲዛየርን ይፈልግ። ካርቡሬተር ያለው ዲኤክስ ደግሞ ስስ አየር ውስጥ ቤንዚን ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ካለው መጀመሪያ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል ነው፤ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ይህ ቀልድ አይደለም።

በመለዋወጫ ዕቃ ቪትዝን የሚያክል የለም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ከፓራውልት እስከ ሙሉ ሞተር ይገኝለታል። የዲዛየርም ዕቃ አለ፣ ቦዲው ላይ ግን ዋጋው ይንራል። የዲኤክስ የሞተር ዕቃ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ያልዛገ ኮርኒስ፣ መስታወትና የበር ጎማ ማግኘት ነው።

ምኑን እናሠራ

መሪው የዞረ ቪትዝ የገዛ ሰው መጀመሪያ የፊት መብራቱን ይቀይር። ይህን ደጋግሜ የምለው ስለሚያናድደኝ ነው። የጃፓን መብራት የተሠራው በግራ መስመር ለሚሄድ መኪና ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ አድርጎ ይጥላል። እኛ በቀኝ ስለምንሄድ ያ ብርሃን በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል። መሪውን ያዞሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ መብራቱን አይነኩም። ለግራ መሪ የተሠራ የአውሮፓ ያሪስ መብራት ግዙና አስገጥሙ። ለተራ አምፖል በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ መክተት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ብርሃኑ ተበትኖ ሌላውን ያሳውራል፣ ለራሳችሁም ሩቅ አያሳይም።

ቀጥሎ ጎማ። 13 ኢንች ላይ የተሠራው ቪትዝ 155/80 ነው የሚያደርገው። ወደ 14 ኢንች 175/65 ብትቀይሩት የጎማው ቁመት የሚለየው በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም፣ መኪናው መንገድ ይይዛል። ከዚያ በላይ መሄድ ለጉድጓዳችን ቸርኬ መስበር ነው። የቪትዝና የአብዛኛው ዲዛየር ቸርኬ አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ስለሆነ ይወራረሳል። የኋላ ጎማ የሚገፋው ዲኤክስ 114.3 ነው፤ በግድ አይገጠም። ያገለገለ ጎማ ከገዛችሁ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አኃዝ አንብቡ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ዝናብ ላይ አይይዝም።

ከፍ ማድረግ የሁሉም ጥያቄ ነው፤ መንገዱ ስለሚያስገድድ አልፈርድም። ሞላው ላይ የሚደረገው ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ) ግን ትንሽ ይሁን። ከበዛ የፊት አክስሉ ተጣሞ ይሽከረከራል፤ የአክስሉ የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ ስትታጠፉ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ያለቀውን ሞላና አሞርዛተር በአዲስ እቀይራለሁ። ብዙ ቪትዝ ዝቅ ያለው ሞላው ደክሞ ነው፤ አዲስ ሞላ ብቻ የጠፋውን ከፍታ ይመልሳል። ዲኤክስን ዝቅ የሚያደርጉ ደግሞ ሞላ በመጋዝ ከመቁረጥ ይቆጠቡ። የተቆረጠ ሞላ ጉብታ ላይ ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ራዲያተር ላይ ውኃ ብቻ መጨመር ልማድ ሆኗል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተሩም የሚሠራው እዚያው ሙቀት ላይ ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካረጀ ዳገት ላይ ይፈላል፣ ቀጥሎ የቴስታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል የሚያሽገው) ይቃጠላል። አዲስ ክዳንና ኩላንት ከዚያ ወጪ ጋር አይወዳደርም። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት ይቀየር። ጣርማ በርን ወይም ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሰው አሮጌ የፍሬን ዘይት ሲግል አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ይህ ካለቀ በኋላ ቴፑም፣ የወንበር ልብሱም፣ ቀለሙም ይምጣ። ቀለም ከቀየራችሁ ሊብሬው ላይ ይስተካከል። ሞተር ከቀየራችሁም እንዲሁ። ዲኤክስ ላይ የቶዮታ ላይትኤስ ሚኒባስ 1500 ሲሲ ሞተር የሚያስገባ አለ፤ ለዳገት ጥሩ ነው። ግን የሞተሩ ቁጥር ካልተመዘገበ ስም ሲዛወር ወይም ቦሎ ሲታደስ ትቆማላችሁ።

ለከተማ ብቻ፣ ለሁለት ሰው፣ አነስተኛ ገንዘብ ያለው፦ የአውሮፓ ማንዋል ያሪስ። ቤተሰብ ያለውና ክፍለ ሀገር የሚወጣ፦ ትንሽ ጨምሮ በደንብ የተፈተሸ ዲዛየር። ሌላ መጓጓዣ ኖሮት በእጁ መሥራት የሚወድ፦ ዲኤክስ። የቱንም ስትገዙ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ ወደ ተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ሂዱ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ካለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባም ከሆነ እዚያ ይታወቃል። ሻጩ በውክልና ብቻ እንጨርስ ካለ ስሙን አዛውሩልኝ በሉት። እንቢ ካለ ሌላ መኪና እዩ።