ስምንት ወር ደረቴ ላይ የከረመው የባይኖኩላር ሃርነስ

ባይኖኩላሬ፣ ማለትም የሩቅ ማያ መነጽሬ፣ 10 በ42 የሚባለው ነው። አሥር እጥፍ ያቀርባል፤ የፊቱ ሌንስ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ 700 ግራም ገደማ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ሲያነሱት ምንም አይመስልም። በቀጭን የአንገት ማሰሪያ አንጠልጥሎ አሜሪካ ያለውን የኮሎራዶ ተራራ ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ግን ሌላ ነው።

ሁለት የአደን ወቅት እንደዚያ ይዤው ዞርኩ። ማታ ማታ ማጅራቴ ይቃጠላል። ጎንበስ ስል ተወዛውዞ ድንጋይ ይመታል፤ ስራመድ ደረቴን ይደልቀኛል። መሮኝ የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ያኔ ነው።

ቦርሳ ውስጥ የገባ መነጽር በየደቂቃው አይወጣም። ራቅ ብሎ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ እጅ የሚሄደው ቅርብ ወዳለው ነው። ቅርቡ ደግሞ ጠመንጃው ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ነው። ምንነቱን ያላወቁትን ነገር በጠመንጃ ቴሌስኮፕ ማየት ማለት አፈሙዝ መደገን ማለት ነው። ሰው ቢሆንስ?

አደን ያስለመደኝ ጋሼ አንድ ቀን እንደዚያ ሳደርግ አየኝ። አልተቆጣኝም። "አንተ ልጅ፣ መነጽርህ የታለ?" ብቻ አለኝ። ነገሩ ለወራት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰኔ ላይ ሃርነስ ገዛሁ።

ሃርነሱ ደረት ላይ የሚቀመጥ ክዳን ያለው ኪስ ነው። ማንገቻዎቹ በትከሻ አልፈው ጀርባ ላይ ይገናኙና በብብት ስር ተመልሰው ይመጣሉ። ክብደቱ ከማጅራት ወርዶ ትከሻና ጀርባ ላይ ይከፋፈላል። ባይኖኩላሩ ግራና ቀኙ በቀጭን ገመድ ስለታሰረ ከእጅ ቢያመልጥም መሬት አይወድቅም። ተመሳሳይ ንድፍ የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ እዚህ የምለው ሁሉ ስለ ንድፉ ነው።

መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። ማንገቻውን አላልቼው ኖሮ ኪሱ ሆዴ ላይ እየተንገዋለለ በየዳገቱ ከጉልበቴ ጋር ይጋጫል። አጥብቄ ወደ ላይ ሳነሳው ተገላገልኩ። ልኩ ከፍ ብሎ ደረት ላይ ነው። ሃርነሱ መጀመሪያ ይለበሳል፣ ቦርሳው ከላዩ ይታዘላል። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት ቦርሳውን ባወረዳችሁ ቁጥር ትታገላላችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አደን ከመውጣታችሁ በፊት ሃርነሱን እንደለበሳችሁ ተኩስ ተለማመዱ። የኔ የቀኝ ትከሻ ዘለበት ያረፈው ልክ ሰደፉ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነበር። ነሐሴ ላይ ተኩስ ሜዳ ሄጄ ሁለት ጥይት ስተኩስ ትከሻዬ በለዘ። ዘለበቱን ወደ ታች ሳወርደው ተስተካከለ። በደረት ተኝቶ መተኮስም ችግር አለው፤ ኪሱ እንደ ትራስ ከመሬት ያነሳችኋል። አንዱን ጎን ፈትቶ በብብት ስር ማሳለፍ ይቻላል፣ ግን እጅ እስኪለምደው ድረስ ቤት ውስጥ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ክዳኑ የሚዘጋው በማግኔት ነው። ቬልክሮ ከሚባለው ተለጣፊ ማሰሪያ ይሻላል፤ ቬልክሮ በጸጥተኛ ጠዋት ሲላቀቅ ድምፁ በሸለቆው ሁሉ ይሰማል። ግን ማግኔት ባለበት ኮምፓስ ደረት ላይ አስጠግታችሁ አታንብቡ። መርፌው ይስታል፣ በኔ ደርሷል። ዳገት ስትወጡ ደግሞ የደረት ሙቀትና ላብ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ሌንሱን ያደበዝዘዋል። እኔ አናቱ ጋ ከመድረሴ ትንሽ ቀደም ብዬ ክዳኑን እከፍተዋለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ አደን በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከጥዶቹ መሃል ቡናማ ነገር ጎንበስ ቀና አለ። ርቀቱ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ሳላስበው እጄ ደረቴ ላይ ነበር። ባይኖኩላሩን አነሳሁ። ቡናማ ሱሪ የለበሰ ሰው ነው፣ የጫማውን ክር ያስራል። ያዘለው ትልቅ ቦርሳ ብርቱካናማ ሰደርያውን ከኋላ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ጠመንጃዬ ከትከሻዬ አልወረደም። ቁጭ ብዬ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ለዚህ ሃርነስ የከፈልኩት ገንዘብ ያን ጠዋት ተመልሶልኛል።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም ልብስ አየሁ። ኮሎራዶ በጠመንጃ አደን ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስን፣ በዚያው ቀለም ኮፍያ ማድረግንም ያዛል። ሃርነሱ ከፊት፣ ቦርሳው ከኋላ ይሸፍናሉ። እኔ ሰፋ ያለ ሰደርያ ገዛሁ፤ ቦርሳዬም ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ አሰርኩበት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

በማግስቱ አንድ ወንድ ኤልክ፣ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት፣ ወጣ። በብዙ አካባቢዎች ወንድ ኤልክ ለመምታት ከሁለቱ ቀንዶቹ በአንዱ ቢያንስ አራት ጫፍ፣ አለበለዚያ ግንባሩ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ቢያንስ 5 ኢንች መሆን አለበት። ሌንሱን ይዤ ቆጠርኩ፣ ደገምኩ። አላሟላም። ዝም ብዬ አየሁት፣ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ግን ቀናኝ፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ ጋሼ ቤት ጥብሱን በላን።

አሁን የካቲት ነው። ጨርቁ እሾህና በረዶ ችሎ ደህና ነው፣ ማግኔቱም እንደያዘ ነው። የግራ ጎኑ ላስቲክ ግን ላልቷል፤ ኪሱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሚያዝያ ላይ ተርኪ ለሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ አደን ከመውጣቴ በፊት ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ አስለውጠዋለሁ።