ስኬሉን አትመኑ፣ ጨው ያዙ፦ ከደሴ ፒያሳ የገዛኋት የእጅ ስፔክትሮስኮፕ

ሰሞኑን ሱቄ የሚገባው ሰው ሁሉ «ያቺ ዓይንህ ላይ የምትደቅናት ጥቁር ቱቦ ምንድን ናት?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ስፔክትሮስኮፕ ትባላለች። ብርሃንን ቀለም በቀለም ዘርግታ ታሳያለች። ፒያሳ አካባቢ የተማሪ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ በ1,900 ብር ነው የገዛኋት። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ወቀሳ ስላለኝ።

መጀመሪያ ዕቃዋን ላስተዋውቃችሁ። ከመዳፍ ትንሽ የምትረዝም የፕላስቲክ ቱቦ ናት። በአንዱ ጫፍ ፀጉር የምታህል ቀጭን ስንጥቅ አለች፤ ብርሃን የሚገባው በእሷ ነው። በሌላው ጫፍ፣ ዓይን በሚጠጋበት በኩል፣ ስስ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ተለጥፏል። እሱ ላይ በዓይን የማይለዩ ጭረቶች አሉ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ። ሲዲ ስታገላብጡ ቀስተ ደመና ታያላችሁ አይደል? ሥራው ያው ነው። ውስጧ ደግሞ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው) የተጻፈበት ስኬል አለ። ስለ እሱ ብዙ የምለው አለኝ፣ ቆዩ።

ሻጩ ልጅ «ጋሼ፣ ይቺ ኮከብ ታሳያለች» አለኝ። ሳጥኑ ላይም ጋላክሲ ተሥሎበታል። ልጁን አልቀየምኩትም፣ ያየውን ነው ያነበበልኝ። ግን ወላሂ ኮከብ አታሳይም። ሦስት ሌሊት ጣራ ላይ ወጣሁ። አንዱን ሌሊት ከጦሳ የወረደ ጉም በላብኝ። ሁለቱን ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መብራትም ጠፍቶ (ለአንድ ጊዜ እሰይ ያልኩት ያኔ ነው)፣ ሲሪየስ የሚባለው ደማቅ ኮከብ እላዬ ላይ እያበራ፣ እኔ በስንጥቋ የማየው ጨለማ ብቻ። የኮከብ ብርሃን በዚያች ስንጥቅ ገብቶ፣ እንደገና በየቀለሙ ተከፋፍሎ፣ ለዓይን የሚተርፍ ነገር የለውም። ከፊቷ ብርሃን የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋታል። ልመልሳት ብሄድ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አሉኝ። እሺ፣ ያዝኳት።

እንግዲህ አንድ የጨርቅ ነጋዴ በዚህ ዕቃ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። የገዛኋት በሌላ የጨርቅ ነጋዴ ምክንያት ነው። ዊሊያም ሃጊንስ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ነው የተወለደው። አባቱ ሐር ነጋዴ ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ዕድሜ ሱቁን ያዘ። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እንደዚያው ስለሆንኩ ታሪኩን ሳነብ ደስ አለኝም፣ ከፋኝም። እሱ ግን 30 ዓመት ሲሆነው ሱቁን ሸጠ፣ ከከተማው ደቡብ ቱልስ ሂል የሚባል ሰፈር ቤት ገዛ፣ ከቤቱ ጋር የከዋክብት መመልከቻ ሠራ፣ ውሎ አድሮም 8 ኢንች ስፋት ያለው ጥሩ ሌንስ በ200 ፓውንድ ገዛ። 8 ኢንች ማለት 20 ሴንቲሜትር ነው፤ ዛሬ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ናቸው። ለአንድ ግለሰብ ግን ያኔ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው የፕላኔቶችን መልክ እየሣለ ቆየ፣ ሰለቸው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1859 ከጀርመን ሃይደልበርግ ወሬ መጣ። ኪርኾፍና ቡንሰን የሚባሉ ሳይንቲስቶች በፀሐይ ቀስተ ደመና ውስጥ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች ምን እንደሆኑ ፈቱት። መስመሮቹን ፍራውንሆፈር የሚባል የመስታወት ባለሙያ ቀደም ብሎ፣ በ1814፣ ከ500 በላይ አድርጎ ቆጥሯቸው ነበር፤ ምን እንደሆኑ ግን አልታወቀም። ለካ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በጋለ ጊዜ የራሱን ቀለም ይሰጣል፣ ቀዝቀዝ ብሎ ከፊት ሲጋርድ ደግሞ ያንኑ ቀለም ይውጣል። ስለዚህ መስመር ካየህ ማን እንዳለ አወቅህ ማለት ነው። ኦጉስት ኮምት የሚባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ በ1835 የከዋክብትን ኬሚስትሪ ሰው በምንም መንገድ አያውቅም ብሎ ጽፎ ነበር። ወሬው ከመድረሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሞተ፣ ሳያፍር ሄደ። ሃጊንስ ግን ወሬውን ሲሰማ በደረቅ ምድር ምንጭ እንዳገኘ ሰው ሆንኩ ብሏል። ሰፈሩ የሚኖር የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበረ፣ ዊሊያም አለን ሚለር። ከአንድ ስብሰባ አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ ሃጊንስ ሚለርን «አብረን እንሥራ» አለው። ተያያዙት።

አሁን ወደ ዕቃዋ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሙከራ አንድ የተደረገው ሱቄ ውስጥ ነው። ደንበኛ ጣቃ ሲዘረጋለት ምን ያደርጋል? ጫፉን ይዞ በር ላይ ይወጣል። «እስቲ ፀሐይ ላይ ልየው» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር፣ መብራቴን እንደናቁብኝ ነበር የማየው። ቱቦዋን ወደ ጠመዝማዛው ቆጣቢ አምፖል አዞርኳት። ቀስተ ደመና የለም! የተቆራረጠ ነው። አንድ ደማቅ አረንጓዴ መስመር፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሐምራዊ፣ በመካከሉ ብዙ ባዶ። አረንጓዴዋና ሐምራዊዋ አምፖሉ ውስጥ ካለው ሜርኩሪ የሚመጡ ናቸው። አዲሱን ኤልኢዲ ሳይ ደግሞ ቀለሙ ተያያዘ፣ ግን ሰማያዊው አብጦ ቀጥሎ ጎድጎድ ይላል። ከዚያ በር ላይ ወጥቼ ወደ ነጭ ደመና አየሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ። ደንበኞቼ ልክ ነበሩ። አምፖሉ ያልሰጠውን ቀለም ጨርቁ ከየት አምጥቶ ይመልስ? ለጨርቅ ነጋዴ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለቀለም ቀቢ፣ ይቺ ዕቃ በዚህ ብቻ ገንዘቧን ታወጣለች።

ነጩን ደመና ሳይ ሌላም ነገር አየሁ። ቱቦዋን ቀስ አድርጌ ሳስተካክል ቀለሙ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ብቅ አሉ። አራት ቆጠርኩ። የፍራውንሆፈር መስመሮች ናቸው። ቢጫው ላይ ያለችው ሶዲየም ናት። አረንጓዴው ላይ ማግኒዚየም አለ። ሰማያዊው ላይ ሃይድሮጂን። ደሴ ፒያሳ በር ላይ ቆሜ፣ አንዱ ባጃጅ «ጋሼ ትሄዳለህ?» እያለኝ፣ ፀሐይ ከምን እንደተሠራች አነበብኩ። እዚህ ላይ አደራ፦ ወደ ፀሐይዋ ራሷ ፈጽሞ አታዙሯት፣ ዓይናችሁን ታጠፋለች። ደመና ወይም ነጭ ግድግዳ ይበቃል። ሳጥኑ ላይ ይሄ ማስጠንቀቂያ በጣም በደቃቅ ነው የተጻፈው፣ ለልጅ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ነውር ነው።

ወደ ስኬሉ እንምጣ። ዋናው ቅሬታዬ እሱ ነው። ቡታጋዝ አቀጣጥዬ ሽቦ በጨው ውሃ ነክሬ ነበልባሉ ውስጥ ከተትኩ። ነበልባሉ ቢጫ ሆነ። እማዬ «ጨው ተወደደ እያልን አንተ እሳት ትቀልባለህ?» አለችኝ። በቱቦዋ ሳይ አንዲት ቢጫ መስመር ብቻ፣ እንደ ክር ቀጥ ያለች። ጨው ሶዲየም አለበት፣ የሶዲየም ቦታ ደግሞ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ 589 ነው። የእኔ ስኬል 605 ይላል። በ16 ተሳስቷል። ጨርቅ ስለካ ሜትሬ በዚህ ልክ ቢያጎድል ወይ ቢያተርፍ ገበያው መሃል እሰደብ ነበር። ለማስተካከል ደግሞ ምንም ብሎን የለውም፣ ስኬሉ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

ግን የሃጊንስን ሥራ በደንብ የገባኝ በዚህ ስህተት ነው። እሱ ስኬል ብቻ አላመነም። የቴሌስኮፑን አጠገብ የኬሚስት ቤት አደረገው። ባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጥ ጥቅልል፣ የጋዝ ምድጃ፣ የብረታ ብረት ጠርሙስ በጠርሙስ። ብረቱን በብልጭታ ያቃጥልና ብርሃኑን በትንሽ ፕሪዝም ወደዚያው ስንጥቅ ያስገባዋል። አንዱ ዓይን፣ በአንድ ጊዜ፣ ከላይ የኮከቡን መስመር፣ ከሥር የምድሩን ብረት መስመር ጎን ለጎን ያያል። ከገጠሙ ገጠሙ። ሐር ከሐር ጎን አስተኝቶ የሚያመሳስል ነጋዴ አይመስልም? በ1864 ከሚለር ጋር ሆነው ከዋክብት ውስጥ ሶዲየም፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም እንዳለ አሳተሙ። እዚህ እግራችን ሥር ያለው አፈርና እዚያ ላይ ያለው አንድ ዘር ሆነ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 29፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ድራኮ በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ወዳለች ጭጋግ መሰል ነገር ቴሌስኮፑን አዞረ። ኔቡላ ይባላል እንዲህ ያለው ነገር። ያኔ ትልቅ ክርክር ነበር፦ ጭጋጉ በጣም ስለራቀ ያልተለየ የከዋክብት መንጋ ነው ወይስ የእውነት ጋዝ? ከዋክብት ቢሆን ቀስተ ደመና ይሰጣል። ሃጊንስ አንዲት ደማቅ መስመር ብቻ አየ። መጀመሪያ ዕቃው የተበላሸ መሰለው። (እኔም በጨው ጊዜ እንደዚያ ነው ያልኩት።) ጋዝ ነው። ክርክሩ ለዚያች ጭጋግ በአንድ እይታ አለቀ። መስመሯ ግን ከየትኛውም የምድር ነገር ጋር አልገጠመችም፣ አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ኔቡሊየም የሚል ስም ሁሉ ወጣለት። በ1927 ቦወን የሚባል አሜሪካዊ ነው የፈታው። ኦክስጅን ነው፣ ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው፣ እጅግ ሳስቶ በተበተነ ጋዝ ውስጥ ብቻ እንዲህ የሚያበራ።

ሁሉም አልሰመረለትም። በ1868 ሲሪየስ ወደ እኛ ትመጣለች ወይስ ትሸሻለች ብሎ ከመስመሮቿ መንሸራተት (ኮከብ ሲቀርብ ወይ ሲርቅ መስመሮቹ ከቦታቸው ፈቀቅ ይላሉ) ፍጥነቷን ለካ። በሰከንድ 47 ኪሎሜትር ገደማ ትሸሻለች አለ። ዛሬ የምናውቀው ግን በሰከንድ 5 ኪሎሜትር ገደማ ወደ እኛ ነው የምትመጣው። አቅጣጫውም ሳይቀር ተሳሳተ! መንገዱ ግን ትክክል ነበር፣ የከዋክብት ፍጥነት እስከ ዛሬ የሚለካው በዚሁ ነው።

ሚስቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቅር አልባልም። ማርጋሬት ከደብሊን ናት፣ በ1875 ተጋቡ። ፎቶ ማንሳት የምትችል ባለሙያ ነበረች። በደረቅ ሳህን (ፎቶ በሚቀረጽበት መስታወት) የኮከብ ስፔክትረም፣ ማለትም የተዘረጋ ቀለሙን፣ ማንሳቱ የሁለቱ ሥራ ሆነ፣ ማስታወሻ ደብተሩም ላይ የእጅ ጽሑፏ አለ። ለዓመታት ግን ጽሑፉ በእሱ ስም ብቻ ነበር የሚወጣው። ኬፕለር የሚባል ትልቅ ውሻም ነበረው፣ ሥጋ ቤት ሲያይ የሚርበተበት። ሃጊንስ ስለዚህ ፍርሃት ኔቸር መጽሔት ላይ በ1873 ጽፏል። ደሴ ቢኖር ኖሮ ውሻው ከግቢ አይወጣም ነበር፣ በሥጋ ቤት መሃል የት ያልፋል?

በጨው ላይ አንድ ነገር ቀርቷል። ዓፄ ዮሐንስ እዚህ ሠፍረው ጅራታም ኮከብ አይተው ተደንቀው ከተማይቱን ደሴ አሏት እየተባልን ነው ያደግነው፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1882 ይባላል። በዚያው ዓመት መስከረም ዓለም ሁሉ ያየው ትልቅ ጅራታም ኮከብ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ዱን ኤክት በሚባል መመልከቻ ስፔክትሮስኮፕ ሲደቀንበት ለፀሐይ ቀርቦ ስለጋለ የሶዲየም መስመር ደምቆ ታየ። ንጉሡ ያዩት ያው ከሆነ፣ ብርሃኑ ውስጥ እኔ ቡታጋዝ ላይ ያየኋት ቢጫ ክር ነበረች። ይሄን ለእማዬ ነገርኳት። «ታዲያ ጨው አትበትን» አለች፣ ግን ቱቦዋን ተቀብላ አየች፣ ሁለት ጊዜ።

ሊገዛ ለሚያስብ፦ ኮከብ ለማየት ከሆነ ይቅርባችሁ። ለአምፖል፣ ለደመና፣ ለእሳት ከሆነ ግዙ። ኩራዝ ወይ ሻማ ካላችሁ እሱንም ሞክሩ፣ ሳይቆራረጥ የተያያዘ ቀለም ታያላችሁ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያስተምር ካለ አንዲት ለክፍል ብትኖረው ደስ ይለኛል። ስኬሉን ግን አትመኑ። በጨው ለኩና ልዩነቱን ጎኗ ላይ በማርከር ጻፉት፣ እኔ «16 ቀንስ» ብዬ ጽፌያለሁ። ልዩነቱ በሁሉም ቀለም ላይ እኩል ላይሆን ስለሚችል የአምፖሉን አረንጓዴ መስመርም አመሳክሩ፣ ትክክለኛ ቦታዋ 546 ነው። ስትገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ እዩ፣ አንዷ ስንጥቋ በሙጫ ተደፍኖ አይቻለሁ።

ከአምስት ሦስት ሰጥቻታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለስኬሉ፣ ሌላውን ሳጥኑ ላይ ላለው ጋላክሲ ነው።