ስድስቷ ደቂቃ በእኛ ክፍል

እኔ ሃይስኩል ስማር እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ክፍል ውስጥ የተሰቀለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተቀዳ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል። መምህሯ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሴኮንድ ትጠብቃለች፣ ታልፋለች። እኛ እስክሪብቶ ስናነሳ እሷ ሌላ ጥያቄ ላይ ደርሳለች። ቆይ የሚላት የለም።

አሁን ደብረ ብርሃን ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠቀምኩት «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» በተባለው የቢቢሲ የስድስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ የድምፅ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። ሁለት አቅራቢዎች ስለ አንድ ጉዳይ ያወራሉ። መግቢያው ላይ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ መልሱን መጨረሻ ላይ ይናገራሉ። በመሃል ስድስት ቃላት ያስተምራሉ።

ቅዳሜ ካፌ ቁጭ ብዬ በዋይፋይ አወርደዋለሁ፤ ድምፁንም፣ ንግግሩ የተጻፈበትን ፒዲኤፍም። ሰኞ ትንሿን ስፒከር ይዤ እገባለሁ። መብራት ቢጠፋም ግድ የለኝም። ከሁሉ የምወደው ግን ማቆም መቻሌን ነው። ግራ የገባው ፊት ሳይ አቆማለሁ። አንዷን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ እመልሳታለሁ። ስድስቷ ደቂቃ ፔሬዱን ሙሉ ትይዛለች።

ጽሑፉ አናት ላይ «ቃል በቃል የተገለበጠ አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ አለ። መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። አንድ ቀን ኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እዚህ የተጻፈውን ሰውየው አላለውም» አለችኝ። መልሰን አዳመጥን። እውነቷን ነው! ከዚያ ወዲህ ጽሑፉና ድምፁ የሚለያዩበትን ቦታ ማደን የክፍላችን ዋና ሥራ ሆነ። ጆሯቸው የተከፈተው በዚህ ነው።

ጉድለት አለው። ለዘጠነኛ ክፍል ይከብዳል፣ ንግግሩም ይፈጥናል። በመጀመሪያው ዙር ከስልሳ ልጅ አምስቱ ቢይዙት ነው። መናገርም አያለማምድም። «this»ን «ዚስ» የሚለውን ልጅ ምላስህን በጥርስህ መሃል አድርግ የምለው፣ አጠገቡ ቆሜ የማሳየው እኔው ነኝ። ይህን ሥራ ማንም ከመምህሩ አይወስደውም።

መጀመር የምትፈልጉ መምህራን፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ከሚያወሩት ጀምሩ። ስለ እንግሊዝ ፖለቲካ የሚያወሩትን ለጊዜው ተዉአቸው። ጥያቄውን ቦርድ ላይ ጻፉና ልጆቹ መልሱን ገምተው ደብተራቸው ላይ ያስፍሩ። ከዚያ ነው ማጫወት። መልሱ ሳይሰማ ደወል ከተደወለ ደግሞ አትቸኩሉ። የእኔዎቹ ሳይሰሙት አይወጡም።