የባኩው ልጅ ዘይት በድሬ ሙቀት

ባጃጅ ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ታይዋን አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ ሉክኦይል የሚባለውን የሩሲያ ሞተር ዘይት እየገዛሁ መጠቀም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዘይቱን ወድጄዋለሁ፣ ሱቁን ደግሞ ከዘይቱ በላይ ወድጄዋለሁ። ዋጋው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፣ እሱንም እናገራለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ። የባጃጅ ሞተር የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው። የድሬ ንፋስ ደግሞ በግንቦት ራሱ ይፋጃል። ከዚራ ዛፎቹ ስር ስትነዱ ምንም አይሰማችሁም፣ ግን በቀትር ሰው ሞልታችሁ፣ ዕቃ ከኋላ ጭናችሁ፣ ቀፊራ ገበያ መሃል በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቃችሁ ስትወጡ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚሰቃይ እግራችሁ ስር ይታወቃችኋል። እዚያ ላይ የቀጠነ ዘይት ካለ አለቀ።

ጠርሙሱ ላይ 20 እና 50 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ዘይቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ወፍራም እንደሚሆን ነው የሚናገረው። ለእኛ አገር ሙቀት ሁለተኛው ቁጥር ነው ዋናው። ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያየው። ባለ አራት ስትሮክ ባጃጅ ላይ አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ነው የሚያገለግለው። ብዙ የመኪና ዘይት ውስጥ ግን ሰበቃ የሚቀንስ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ለመኪና ደግ ነው፣ ባጃጅ ላይ ግን ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጇ አትሄድም። ስለዚህ ዘይቱ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳየውን ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ፈልጉ፣ የየትኛውም አገር ዘይት ይሁን። እኔ የገዛሁት ላይ አለ።

ውጤቱ? ማርሽ ስቀይር የነበረው ኳኳታ ቀንሷል። ጠዋት በመጀመሪያው ይነሳል። ስቀይረው ጠቁሮ ነው የሚወጣው፣ ይሄ አያስደነግጣችሁ፣ ቆሻሻውን አጥቦ ይዞ ስለሚወጣ ነው። በጣቴ ሳሸው ግን እንደ ውሃ አልሆነም፣ አሁንም ወፍራም ነው። መካኒኬም አይቶ ይሄንኑ ቀጥል ነው ያለኝ።

አሁን ስለ ሱቁ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጋሼ ጠርሙሱን እናንተ ራሳችሁ አገላብጣችሁ አይታችሁ፣ ማሸጊያውን በእጃችሁ ሰብራችሁ እንድትከፍቱ ያደርጋል። ዘይቱ እዚያው ከተቀየረ ባዶውን ጠርሙስ በቢላ ሰንጥቆ ነው የሚጥለው። ለምን ቢባል፣ ባዶ ጠርሙስ ሰብስበው የተቃጠለ ዘይት አጣርተው የሚሞሉ ሰዎች ስላሉ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከሌላ ቦታ ርካሽ ብሎ የገዛው እንዲህ ያለ ነበር። ፒስተኑ ተጣብቆ ሞተሩ ቆመ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጠው ብር ጋራዥ ገባ። ያን ያየ ሰው ጋሼ ጠርሙስ ሲሰነጥቅ እጁን ቢስመው አይገርምም።

ጋሼ ደግሞ ዘይት ብቻ አይሸጥም፣ ታሪክም ይነግራል። ስለ ሉክኦይል መሥራች ስለ ቫጊት አሌክፔሮቭ ከጀመረ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም ከእሱ ሰምቼ ነው ወደ ማንበቡ የገባሁት፣ ያነበብኩት ይኸው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ሰውየው በ1950 ባኩ ነው የተወለደው፣ ያኔ ሶቪየት በነበረችው አዘርባጃን። ባኩ ማለት ነዳጅ ማለት ነው። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የነዳጅ ማውጫ ሠራተኛ ነበር፣ ልጁ ገና ሳያድግ ሞተ። ልጁም የአባቱን ሥራ ያዘ። እዚያው ባኩ በነዳጅ ሙያ ተምሮ በ1974 ተመረቀ፣ ካስፒያን ባሕር ላይ ቁፋሮ ሠራ። አንድ ጊዜ የሚሠራበት መድረክ ላይ ፍንዳታ ተነሳና ማዕበል ወዳለበት ባሕር ወረወረው። ዋኝቶ ነው ነፍሱን ያተረፈው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራውን አለመተዉ። ብዙ ሰው ቢሆን ወደ ቢሮ ይሸሻል። እሱ ግን በ1979 ወደ ምዕራብ ሳይቤሪያ ሄደ፣ ከባኩ ፀሐይ ወደዚያ ብርድ። በ1987 እዚያው ኮጋሊም በምትባል ከተማ የነበረውን የመንግሥት ነዳጅ ድርጅት መምራት ጀመረ። በ1990 የሶቪየት ኅብረት የነዳጅና ጋዝ ምክትል ሚኒስትር ሆነ፣ ገና 40 ዓመቱ ነበር።

ሚኒስቴሩ ውስጥ ሆኖ ያራመደው ሐሳብ፣ የሚቆፍረው፣ የሚያጣራውና የሚሸጠው ድርጅት አንድ ይሁን የሚል ነው። በሶቪየት አሠራር እያንዳንዱ በየራሱ መሥሪያ ቤት ስር ተበታትኖ ነበር። በ1991፣ አገሪቱ ልትፈርስ ስትል፣ ላንጌፓስ፣ ኡራይና ኮጋሊም የሚባሉት ሦስት የነዳጅ ከተሞች ድርጅቶች ተዋህደው ሉክኦይል ተወለደ። የስሙም መነሻ እነሱ ናቸው። በ1993 የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፣ እሱም እስከ 2022 መራው።

አቦ፣ እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። በዚያ ዘመን ከበለጸጉት የሩሲያ ቱጃሮች መካከል ይሄን ሰው ለይቼ አከብረዋለሁ። ኮዶርኮቭስኪን ውሰዱ፣ ባንክ ነበረው፣ በ1995 ዩኮስ የሚባለውን ትልቅ የነዳጅ ኩባንያ በዚያ ባንክ በኩል እጁ አስገባ። አሌክፔሮቭ ግን ጉድጓዱን ያውቀዋል፣ ቱቦውን ያውቀዋል። ሆኖም አክብሮቴ ልክ አለው። ያ ሁሉ ጉድጓድ የሕዝብ ነበር። በብርድ ቆፍረው ያወጡት ብዙ ሺህ ሠራተኞች ናቸው፣ መንግሥት ሲፈርስ ግን ቢሊዮኖቹ የጥቂት ሰው ሆኑ። ፎርብስ በ2025 ሀብቱን ከ28 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎ ከሩሲያ አንደኛ ብሎታል። ሙያው ትልቅ ነው፣ ይሄ ሁሉ ግን በሙያ ብቻ አልመጣም። ጋሼ በዚህ አይስማማም፣ በርጫ ላይ ሳይቀር ተከራክረናል።

የኮጋሊም ነገር ደግሞ እኛን ይመለከታል። ከተማዋ ያለ ነዳጁ የለችም። የድሬ ሰው ይሄን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም፣ እኛንም በ1902 ባቡር ነው የወለደን። አሮጌው ባቡር ሲቆም ስንት ቤት እንደቀዘቀዘ ለገሃሬ ያደገ ሰው ያውቃል። ኮጋሊምን ሳስብ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ነዳጁ ያለቀ ቀን እነዚያ ልጆች ምን ይሠራሉ?

አንድ ነገር ደግሞ አስደስቶኛል። ሰውየው የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢ ነው፣ ሞስኮ ውስጥ የሳንቲም ሙዚየም ከፍቷል። ሐረር የራሷን መሐለቅ ትመታ እንደነበር ያውቅ ይሆን? ሸሪፍ ሙዚየም መጥቶ ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር።

በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሉክኦይል ቦርድ ግጭቱ በአስቸኳይ እንዲቆም ጠየቀ። ከሩሲያ ትልልቅ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ቃል ያወጣ ብዙ አልነበረም። በሚያዝያ እንግሊዝ አሌክፔሮቭን በማዕቀብ ዝርዝር አስገባችው፣ በዚያው ወር ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። በጥቅምት 2025 ደግሞ አሜሪካ ራሱን ሉክኦይልን ሮስኔፍት ከሚባለው ሌላ የሩሲያ ነዳጅ ኩባንያ ጋር ማዕቀብ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ዋጋው የምመለሰው በዚህ ነው። ጋሼ ሱቅ ዘይቱ አንዳንዴ ይጠፋል። ሲመጣ ደግሞ ካለፈው ጨምሮ ነው። ከሌላው ተመሳሳይ ዘይት ጋር ሳወዳድረው ልዩነቱ ለባጃጅ ሹፌር ኪስ ቀላል አይደለም። ጋሼ ዱቤ አይሰጥም፣ ይሄም ይቀየር እላለሁ፣ ቢያንስ ለቆየ ደንበኛ። ሉክኦይል ከጠፋ አትጨናነቁ፣ ቁጥሩና ምልክቱ አንድ የሆነ ሌላ ታሽጎ የመጣ ዘይት ከእሱው ግዙ፣ ሞተሩ የባለቤቱን ስም አይጠይቅም።

ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ጀንበር ዘቅዘቅ ሲል ነው የሚከፈተው። ፊልትሮና ካንዴላም አለው፣ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ አጠገቡ አስቀምጦ ያመሳስልላችኋል።